የሲስተር ኤልፍ ከማን ወገን ናት?

ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ በሃያ ዓመት የሚበልጧት የክሊኒኩ ጥበቃም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክሊኒክ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ቁስል ስታጥብና ስታሽግ ኖራለች። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮትና ሁልጊዜ የሚንጠባጠብ አንድ ቧንቧ አለው። ቧንቧው ይጠገን ብላ ያልጻፈችው ደብዳቤ የለም። አሁን ትታዋለች፤ ጠብታውን እየሰማች ፋሻዋን ትጠቀልላለች።

እጇ ቀላል ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ የታሸገላቸው ናቸው። "እሷ ከሌለች ነገ እመጣለሁ" ብሎ እግሩን እየጎተተ የሚመለስ በሽተኛ ሞልቷል። አፏ ግን እንደ እጇ አይደለም። ቁስሉን አቆሽሾ የመጣ ሰው ካጋጠማት፣ "ይህን እግር ተውሰህ ነው እንዴ? የራስህ ቢሆን እንዲህ አትጥለውም ነበር" ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል፤ እሷ አትስቅም።

አላገባችም። በወጣትነቷ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰሞን ጠይቀዋት ነበር። አንዱን ስትመዝን ሌላውን ስታሰላስል፣ ሁለቱም ሌላ አግብተው ወለዱ። ይህንን ራሷ ናት የምትናገረው፣ ከፍቷትም አይደለም። ምረጪ መባልን አትወድም፤ አለቀ። ለምን እንደማትወድ እንደርስበታለን፣ አትቸኩሉ።

ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ሲስተር ሌላ ሰው ናት። ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ አልፎ አንዲት ማተሚያ ቤት አለች፤ የሠርግ ጥሪ፣ ደረሰኝና የሐዘን ማስታወቂያ የምታትም። ባለቤቱን ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ስድሳ ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ሰው ናቸው። ቅዳሜ ማሽኑን ያጠፉና የወረቀት መቁረጫውን ጠረጴዛ ያጸዳሉ፣ ሻይ ያፈላሉ። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል።

ጨዋታው ሰሌዳ የለው፣ ጠጠር የለው። ጋሼ ይተርካሉ፤ ሲስተርን ጨምሮ የቀሩት ሦስት ተጫዋቾች በተረቱ ውስጥ አንዳንድ ሰው ሆነው ይገባሉ። "ከፊታችሁ ወንዝ አለ፣ ድልድዩ ተሰብሯል። ምን ታደርጋላችሁ?" ይላሉ ጋሼ፤ ሁሉም የራሱ ሰው የሚያደርገውን ይናገራል። የተጠራጠሩበትን ሃያ ፊት ያለው፣ በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ተጥሎ ይወስነዋል። የልጆች ተረት እንዳይመስላችሁ፣ ሦስት መቶ ገጽ የደንብ መጽሐፍ አለው። መጽሐፉን ደግሞ ቲቸር ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል።

ቲቸር የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ በተረቱ ውስጥ ቀስተኛ ነው። ሦስተኛው አናጢው ነው። አናጢው በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ሲሆን፣ የሚጫወተው ድንክ ጦረኛ ሆኖ ነው። ለምን ሲሉት፣ "በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ጭንቅላቴን ሳልመታ ልዋል ብዬ" ይላል። ድንኩን አምስት ዓመት ተጫውቶበታል። ትንሽ የእንጨት ምስል ቀርጾለት ሻይው አጠገብ ያቆመዋል።

ሲስተር ኤልፍ ናት። ኤልፍ ማለት በእነሱ ተረት ጆሮው ሾጠጥ ያለ፣ ሺህ ዓመት የሚኖር የጫካ ሰው ነው። ጣጣው ያለው ኤልፍ በመሆኗ አይደለም፣ በሙያዋ ነው። በደንቡ ካህን ኃይሉን የሚያገኘው በጸሎት ነው፤ የጫካ ጠቢብ ደግሞ ከአፈርና ከቅጠል። ሰው አንዱን ይይዛል፣ ደረጃው ባደገ ቁጥር በዚያው ይጠነክራል። ሲስተር ግን አንዴ በካህን፣ አንዴ በጫካ፣ አንዴ በካህን፣ አንዴ በጫካ እያለች እነሆ ስምንተኛ ደረጃ ደረሰች። ወረቀቷ ላይ "ካህን አራት፣ ጫካ አራት" ይላል፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት።

"ሲስተር፣ እዚህ ጨዋታ ላይ አራት ሲደመር አራት ስምንት አይሆንም" ይላል ቲቸር በየሳምንቱ። "አራት ነው የሚሆነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።"

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ትለዋለች እሷ፣ ስኳሩን እያማሰለች።

"ሁለቱም ቀጭን ናቸው እኮ ነው የምልሽ!"

እንዲህ ሲጨቃጨቁ አምስት ዓመት አለፈ። እሷ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ሲስተር የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ በጸሎት ቤት ጸሎት መሪ ነበሩ። እናቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመንገድ ዳር ችግኝ እያፈሉ ይሸጡ ነበር። አባትየው "ዝናብ ከላይ ነው" ሲሉ እናትየው "ባልዲው ግን ከታች ነው" ይላሉ። መጀመሪያ ይሳሳቁበት ነበር። በኋላ መሳቁ ቀረና ነገሩ ብቻ ተረፈ፤ ሄዶ ሄዶ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ከረሜላ ሰጣትና ከአባትና ከእናቷ መሐል አቁሞ፣ "ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?" አላት።

"ከእናቴ ጋር" አለች።

አባቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አንዴ አዞሩና ወጡ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ደብተር እየያዙላት ይመጡ ነበር፤ ለምን ግን አላሏትም። እሷም አልነገረቻቸውም። ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ኤልፏን የሠራች ዕለት ታዲያ፣ ይህቺን ማንም ዳኛ ፊት አያቆማትም ብላ በልቧ ማለች። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ለቲቸር የምትሰጠው መልስ የስኳሩ ማማሰል ብቻ ነበር።

ነገር የመጣው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው። በእነ ጋሼ ቤት ደንብ፣ እያንዳንዱ ሰው በዚያ ቀን የሚጠቀምበትን ኃይል አስቀድሞ በብጣሽ ወረቀት ይጽፍና ከሻይ ብርጭቆው ሥር ያደርጋል። ያልተጻፈ የለም፤ የተጻፈ አለ። ሲስተር ወረቀቷን የምትጽፈው ቅዳሜ ከሥራ ልትወጣ ስትል፣ ለበሽተኞቿ በምትጽፍበት በዚያው የክሊኒክ የማዘዣ ጥራዝ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ እግሩን የፈላ ውሃ ያቃጠለው ባለታክሲ በመጨረሻ ሰዓት መጣ። አሸገችለት፣ ወረቀት ሰጠችው፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጠች። ተረቱ ያን ቀን ረግረግ ውስጥ ነበር። ከውሃው እባብ ወጥቶ ድንኩን ግራ እጁን ነደፈው። እጁ ጠቆረ፣ መርዙ ወደ ልቡ መውጣት ጀመረ። አናጢው ወደ ሲስተር ዞረ።

"ይዤልሃለሁ፣ አይዞህ" አለችና ብርጭቆዋን አነሣች።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ። "ፋሻ ሁለት። ጎዝ አንድ እሽግ። በየሁለት ቀኑ ይታጠብ።"

በዚያው ቅጽበት የሲስተር ስልክ ጠራ፣ የክሊኒኩ ፋርማሲስት ነበር። "ሲስተር፣ ይህ ባለታክሲ የያዘው ምንድን ነው? 'ዘር ማብቀል ሁለት ጊዜ፣ በረከት አንድ ጊዜ' ይላል። በረከቱን እንኳ እኔም ተመኘሁት፣ ግን መደርደሪያ ላይ የለኝም።"

በሌላ ቀን ቢሆን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። አናጢው ግን የእንጨቱን ድንክ በሁለት ጣቱ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ማንም አልሳቀም። ሲስተር ወረቀቱን ከጋሼ እጅ ወሰደች።

"የተጻፈ አለ አይደል ደንቡ?" አለች ቀስ ብላ። "ፋሻ ተጽፏል። እጁን ጥብቅ አድርጌ አስሬለታለሁ።"

ቲቸር መጽሐፉን አገላበጠ፤ ፋሻን የሚከለክል ነገር አጣ። ጋሼም ፈረዱ፦ ፋሻው መርዙን ያዘገየዋል፣ ድንኩ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይቆያል። ፀሐይ የምትጠልቀው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።

ቲቸር ይህን ጊዜ መጽሐፉን ዘጋ። ክፋት የለበትም፤ ድንኩን እሱም ይወደዋል። "ሲስተር፣ ልንገርሽ። ሙሉ ካህን ብትሆኚ ስምንተኛ ደረጃ ላይ ሊሞት ያለን የሚያድነውን የመመለስ ጸሎት የትም ቆመሽ ታደርሺ ነበር። አራተኛ ስለሆንሽ በጸሎት ቤት ውስጥ ብቻ ነው የምትችይው፣ የቅርቡ ጸሎት ቤት የአራት ቀን መንገድ ነው። ሙሉ የጫካ ብትሆኚ ደግሞ መርዙን በሥራሥር ስበሽ ታወጪው ነበር። እሱንም አትችይም። ድንኩ የሚሞተው በእባቡ ሳይሆን በአራት ሲደመር አራት ነው።"

"ነገሩን ቋጩት" አለ አናጢው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ።

ተቋጨ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲስተር ድንኩን ካዳነች፣ ኤልፏ እንዳለች ትኖራለች። ካላዳነች የኤልፏን ወረቀት ቀድዳ ጥላ አንዱን ትመርጣለች፣ ወይ ካህን ወይ ጫካ። ሲስተር እሺ አለች። ሌላ ምን ትላለች? ጥፋቱ የእሷ ነው።

ሳምንቱን ቁስል ስታጥብ ከረመች እንጂ ሐሳቧ ረግረጉ ውስጥ ነበር። ባለታክሲው ሊታጠብ ሲመጣ፣ "ዘሩ በቀለልሽ ወይ?" ብሎ አሾፈባት። "ዝም ብለህ እግርህን ዘርጋ" አለችው።

ቤት ስትገባ አባቷ እንደተለመደው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እናቷ ካረፉ በኋላ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ጊዜ እሷ ዘንድ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጸሎት ቤቱ አርባ ደረጃ የሚያስወጣ ስለሆነ መሄድ ትተዋል። መኝታ ቤታቸው ይጸልያሉ፣ ግን ደስ አይላቸውም። "መኝታ ቤት መጸለይ ገላ መታጠቢያ ውስጥ ራት እንደመብላት ነው" ይላሉ። ግቢው መሐል አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፤ ሲስተር ቤቱን የሠራች ጊዜ እናቷ በቆርቆሮ አፍልተው ያመጡላት ነው። ጥላው ግማሽ ግቢ ይሸፍናል። አባቷ ግን በዚህ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ከሥሩ ተቀምጠው አያውቁም። ጥላው ሲመጣባቸው ወንበራቸውን ይዘው ይሸሻሉ። ሲስተር ይህን ታያለች።

ሐሙስ ዕለት ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ረስታ ኖሮ አባቷ እጅ ገባ።

"ካህን አራት፣ ጫካ አራት" ብለው አነበቡ። "ይህቺ ማን ናት?"

"እኔ ነኝ አባባ። በጨዋታ ነው።"

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ወረቀቱን ራቅ አድርገው ደግመው አዩት። "እኩል አድርገሽ ነው የከፈልሽው" አሉና መለሱላት።

እሷም ከየት እንደመጣባት እንጃ፣ "አባባ፣ ጸሎት ቤት፣ ጸሎት ቤት የሚሆነው በምንድን ነው?" አለቻቸው።

"ጣሪያው ሲያፈስ አርባ ዓመት ባልዲ የደቀነ ሰው ነው የጠየቅሽው" አሉ። "አራት ምሰሶ፣ ከላይ መጠለያ፣ ከሥሩ ከልቡ የሚጸልይ ሰው። የቀረው ጌጥ ነው።"

ሲስተር የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ከዚያ ወረቀቷን ገልብጣ ከኤልፏ ኮሮጆ ውስጥ ያለውን ዕቃ ማንበብ ጀመረች። አምስት ዓመት ሙሉ ቲቸር የሚስቅበት አንድ መስመር እዚያ ነበር፦ "የዛፍ ዘር፣ አራት ፍሬ።"

ቅዳሜ ብጣሽዋን ሦስት ጊዜ አንብባ ነው ከብርጭቆው ሥር ያደረገችው። አናጢው ድንኩን አቁሞታል፤ ግራ እጁ ላይ እውነተኛ ፋሻ፣ የጣት ጥፍር የምታህል፣ ጠምጥሞለታል። ጋሼ ተረቱን ጀመሩ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ረግረጉ ጸጥ ብሏል፣ ድንኩ ይተነፍሳል ግን አይናገርም።

"ኤልፏ ምን ታደርጋለች?" አሉ።

"ደረቅ መሬት ፈልጋ አራት ዘር ትተክላለች" አለች ሲስተር። "አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ፣ በአራት ማዕዘን። ድንኩን መሐል አስተኝታዋለች።"

ጋሼ ብጣሹን አነሡ። "ዘር ማብቀል፣ አራት ጊዜ" ብለው አነበቡ፤ የጫካ ኃይሏን ሁሉ ማለት ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዛፎቹ ሲያድጉ ተረኩ። ግንዱ ሲወፍር፣ ቅርንጫፉ ከቅርንጫፍ ሲያያዝ፣ ከላይ ሲገጥም።

"ጥላ ሠራሽለት፣ ጥሩ ነው" አለ ቲቸር። "መርዙስ?"

"ቲቸር፣ መጽሐፍህን ክፈት። ጸሎት ቤት የሚለውን አንብብልኝ።"

ቲቸር አልከፈተም፤ በቃሉ ያውቀዋል። "ጸሎት ቤት ማለት በአራት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ መጠለያ ያለው፣ በአማኝ እጅ የተሠራ፣ በካህን..." አለና ቆመ። እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። "በካህን የተቀደሰ" ብሎ ጨረሰው።

"መቀደስ አንድ ጊዜ" አሉ ጋሼ ከብጣሹ ላይ። "የመመለስ ጸሎት አንድ ጊዜ።"

ለመቀደሱ ከዐሥር በላይ መጣል ነበረባት። ዳይሱን ለአናጢው ሰጠችው፤ "ጓደኛህ ነው፣ አንተ ጣልለት" አለችው። በትልቁ እጁ ጣለ። ዳይሱ ወረቀት መቁረጫው ጥግ ድረስ ተንከባልሎ ዐሥራ አንድ ላይ ቆመ።

አናጢው ከድንኩ እጅ ላይ ፋሻውን ፈታ፣ አጥፎ ደረት ኪሱ አስገባው። ቲቸር ግን ቲቸር ነው። "ሙሉ ካህን ብትሆኚ አራቱም ዛፍ ባላስፈለገ" አለ።

"አንተ ሰው፣ ሻይህን ጠጣ" አሉት ጋሼ።

ቲቸር ሻዩን ጠጣ። ሊወጡ ሲሉ ግን የሲስተርን ወረቀት ተቀብሎ ከጠርዙ የተቀደደውን በማጣበቂያ አስተካክሎ መለሰላት።

ቤቷ ስትደርስ ገና አልመሸም። አባቷ ግድግዳው ጥግ፣ የቀረችው ፀሐይ ላይ ናቸው። ሲስተር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እባቡን፣ ፋሻውን፣ አራቱን ዘር፣ እሳቸው ያሏትን። እሳቸው በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዳመጡ።

"ዛፎቹስ?" አሉ ስትጨርስ። "ስትሄዱ ተነቀሉ?"

"አልተነቀሉም አባባ። እዚያው ናቸው።"

"ጥሩ።" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ "ያን ቀን ምን አድርጌሽ ነበር?" አሏት።

የትኛውን ቀን ብላ አልጠየቀችም።

"ምንም አላደረጉኝም።"

"ታዲያ?"

"እርስዎ እግዜር አለዎት፤ እናቴ ግን ማንም የላትም ብዬ ነው" አለች። "ዐሥር ዓመቴ ነበር።"

አባቷ በትራቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። "ጠላችኝ ብዬ ነበር እኮ" አሉ። ቀጥለውም፣ "እግዜርማ ነበረ፤ አልክደውም። ራት ግን አብሮ አይበላም።"

ሲስተር አለቀሰች። የሰው ቁስል ሃያ ሁለት ዓመት ስታጥብ እንባ ወጥቷት አያውቅም፤ አሁን በነጠላ ጫማዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። አባቷም ዝም በይ አላሏትም። ሲበቃት እጃቸውን ዘረጉላት።

"አንሺኝ። ወንበሩን ወደዚያ አድርጊው።"

"ወዴት?"

"ወደ እናትሽ ዛፍ።"

ወንበሩን ከማንጎው ሥር አደረገችላቸው፤ ክንዳቸውን ይዛ አደረሰቻቸው። አንድ ደረቅ ቅጠል ጭንቅላታቸው ላይ ወደቀ። "አሁንም ትነካካኛለች" ብለው አራገፉትና ወደ ላይ አዩ፣ ቅርንጫፉ የተጋጠመበትን። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የማታ ጸሎታቸውን ጀመሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ድሮ እንደሚያደርሱት።

ሲስተር ቆማ ጠበቀች። ሲጨርሱ ዞር አሉና፣ "ራቱንም እዚህ አምጪው" አሏት።

ገባችና ሁለት ሳህን ይዛ ወጣች።